ጣና ጎብኚ ሲጠራ፦ ደሴቶቹን ሳይጎዱ ማልማት እንዴት ይቻላል?

ከሰሊጥና ከማሽላ አገር፣ ከሳንጃ ቆላ የተነሣ መንገደኛ ትክል ድንጋይን አልፎ ጎንደር ይደርሳል። ጉዞውን ወደ ደቡብ ከቀጠለ ደግሞ አዘዞን፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን ተሻግሮ ጎርጎራ ላይ መሬቱ ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣና ነው። ከሐይቁ ዳር ሆኖ ሲመለከት በውኃው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ የመሰሉ ደሴቶች ይታዩታል። ደምቢያን ሲያቋርጥ ያየው ሜዳ ታርሶ የተጋለጠ ነበር፤ ደሴቶቹ ግን በዛፍ ተሸፍነዋል።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ለዘመናት የተጠበቀ ሥርዐት ውጤት ነው። ዛሬ ግን ሥርዐቱ ሁለት ፈተናዎች በአንድ ጊዜ ገጥመውታል። አንደኛው ከየብስ የሚመጣው ደለል፣ ቆሻሻና እምቦጭ ነው። ሁለተኛው ተስፋም ስጋትም የያዘው የቱሪዝም ልማት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው የገበታ ለአገር መርሐ ግብር ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር የልማት ስፍራ ሆኖ ተመረጠ፤ የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርትም በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ለረጅም ዘመን ጸጥ ብሎ የኖረው የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በአዲስ ዓይን መታየት ጀምሯል።

ጥያቄው ልማት ይምጣ ወይስ ይቅር የሚል አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሥራና ገቢ ይፈልጋል። ጥያቄው ጎብኚው ሊያየው የሚመጣው ነገር፣ ጎብኚውን ለመቀበል በሚደረገው ሩጫ እንዳይጠፋ ምን መደረግ አለበት የሚል ነው።

ሰፊ ገበታ እንጂ ጥልቅ ጉድጓድ ያልሆነ ሐይቅ

ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። የሚገኘው በሐሩር ክልል ውስጥ ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ለስላሳ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም እንደዚያው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራም 15 ሜትር ገደማ ነው። ጣና ሰፊ ገበታን ይመስላል ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር ለአካባቢ ጥበቃ ትልቅ ትርጉም አለው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ነፋስ ውኃውን እስከ ወለሉ ድረስ ያናውጠዋል፤ የተጋደመው ደለልም ደጋግሞ ይነሣል። በአንድ ዳር የገባ ቆሻሻ ወደ ጥልቁ ወርዶ አይቀበርም፤ ከሚጠጣው፣ ከሚጠመድበትና ከሚታጠቡበት ውኃ ጋር አብሮ ይኖራል። ከ40 በላይ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ጣና ይገባሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አብዛኛውን ውኃ ያመጣሉ። የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዓባይ ነው። መግቢያው ብዙ፣ መውጫው አንድ የሆነ ቤት የገባውን ሁሉ እንደሚያከማች ጣናም እንዲሁ ያከማቻል።

በዚህ ውኃ ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። 20 ያህሉ የገዳምና የቤተ ክርስቲያን መገኛ ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የአፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ነው። ትልቁ ደሴት ደቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች የሚኖሩበት ሲሆን፣ በጎኑ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስ፣ ሬማ መድኃኔዓለምና ሌሎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በጎርጎራ በኩል ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ የሚነገርለትና በሣር ክዳኑ የሚታወቀው ደብረ ሲና ማርያም አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠሩት ሕንፃዎች ፍርስራሽም እንዲሁ የዚሁ አካባቢ ቅርስ ነው።

ደኑን የጠበቀው ክልከላ ነው

በጣና ዙሪያ የአካባቢ ጥበቃ የተጀመረው በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም። የገዳማቱ ሥርዐት ራሱ ጠባቂ ነበር። በገዳም ቅጥር ውስጥ ያለ ዛፍ ለማገዶ ተብሎ አይቆረጥም፤ አውሬው አይታደንም፤ ማንም እንዳሻው ገብቶ አይሠፍርም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መሆናቸውም የዚሁ የቆየ ሥርዐት አካል ነው። ዓላማው ጸሎትና ምናኔ ቢሆንም፣ ክልከላው በሌላ ፊቱ ለዛፉና ለአፈሩ ከለላ ሆነ።

የዘጌ ልሳነ ምድር ከሁሉ የሚገርም ምሳሌ ነው። በአካባቢው ትውፊት ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ ኑሮውን የመሠረተው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ ነው። ማረሻ ያልገባበት መሬት ደኑን አስቀረ፤ ደኑም ቡናውን አበላ። የዘጌ ገበሬ ዛፍ ቢቆርጥ የሚቆርጠው የራሱን ቡና ጥላ ነው። ጥበቃና ጥቅም በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ዘበኛ ብዙም አያስፈልግም።

ተመሳሳይ ጥበብ በክልሉ ሌላ ጫፍም ይገኛል። በመንዝ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ሕዝቡ ተስማምቶ ይከፍተዋል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት የጎብኚ መዳረሻ ሆኗል። ከጎብኚው በፊት ደንቡ ነበር። ጣናን ለማልማት ለሚያስብ ሁሉ ይህ ቅደም ተከተል ሊዘነጋ አይገባም።

ሐይቁ የሚታመመው ከየት ነው?

የጣና ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከውኃው ሳይሆን ከተራራው ነው። ተዳፋት መሬት እርከን ሳይሠራለት ሲታረስ፣ የክረምቱ ዝናብ ለም አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ሐይቅ ያወርደዋል። የጎንደር ነዋሪ ይህን በአንገረብ ግድብ በዓይኑ አይቷል፤ ለከተማው የመጠጥ ውኃ የተሠራው ግድብ በደለል ተጎድቷል። ከተማውን የሚያቋርጡት ቀሐና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ በጎንደር ቦይ ውስጥ የተጣለ ላስቲክና የፈሰሰ እጣቢ ጉዞው ከከተማው ዳርቻ አያበቃም።

ከአፈሩ ጋር የማዳበሪያ ቅሪትና የከተማ ፍሳሽ ይወርዳል። በእነዚህ የሚወፍረው ደግሞ እምቦጭ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በጣና መከሰቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ አስቀድሞ የታየው በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ሁኔታው ሲመቸው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ የሚሆን አንድ ሄክታር አረም በመስከረም መግቢያ ላይ ቢተው፣ ኅዳር ሲያልቅ ከ60 ሄክታር በላይ ይሆናል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሐይቁ ዳር ገበሬዎች በእጃቸው እየነቀሉ የከፈሉት ድካም ይታወሳል። አረሙ ነቅሎ በመጣል ብቻ ያልጠፋው ምግቡ ከላይ መውረዱን ስላላቆመ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የእርጥበት መሬት መጥፋት ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ወንፊት ነው። ከየብስ የሚመጣውን ደለል ያጠልላል፤ ትርፍ ማዳበሪያውን ይመጥጣል፤ ለዓሣ ጫጩትና ለወፎች መጠለያ ይሆናል። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳውን የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው። ይሁን እንጂ እርጥበት መሬቱ ለሩዝ፣ ለአትክልትና ለግጦሽ ሲባል እየተመናመነ መጥቷል። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ወንፊቱ ሲነሣ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል።

አራተኛው የዓሣው ጉዳይ ነው። በአካባቢው ነጭ ዓሣ እየተባለ ከሚጠራው ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ መግቢያ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚያጠምደው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ በ1990ዎቹ በተደረገ ክትትል የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታይቷል።

ሐይቅ ሊጠፋ እንደሚችል ኢትዮጵያ ከሐረማያ ተምራለች። የሐረር ከተማ ውኃ ይጠጣበት የነበረው ሐይቅ በደለል፣ በመስኖና በከተማ ፍጆታ ተዳክሞ ለዓመታት ደረቅ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ዝናብ ሲበረታና ጥበቃ ሲደረግለት ውኃው በከፊል ተመልሷል። ጣና ከሐረማያ እጅግ ይሰፋል፤ ነገር ግን እርሱም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የውኃው ከፍታ እጅግ በመውረዱ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከዚሁ ውኃ ይጠቀማሉ። ቱሪዝሙ የሚመጣው እንግዲህ ባዶ ቤት ላይ ሳይሆን ብዙ ተካፋይ ባለበት ማዕድ ላይ ነው።

የቱሪዝም ሁለት ፊት

በአግባቡ የተያዘ ቱሪዝም ለጣና መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጀልባ ቀዛፊው፣ አስጎብኚው፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ጥልፍ ሠሪዋ፣ ቡና አፊዋ፣ እንግዳ አሳዳሪው ሁሉ ከቆመ ዛፍና ከጠራ ውኃ እንጀራ ያገኛሉ። ደኑ ተቆርጦ ከሚሸጥበት ዋጋ ይልቅ ቆሞ የሚያስገኘው ጥቅም ሲበልጥ፣ ጥበቃው ከትእዛዝ ወደ ፍላጎት ይለወጣል። የመግቢያ ገቢው ለገዳማቱ የብራና መጻሕፍትና የግድግዳ ሥዕሎች ጥገና ሊውል ይችላል። ለጎንደር ከተማም ትርፉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ጎርጎራንና ደሴቶቹን ቢጨምር፣ አንድ ሌሊት ሊያድር የመጣው ሦስት ሌሊት ያድራል።

ሌላኛው ፊት ግን ችላ ከተባለ መልሶ ማቅናቱ ከባድ ነው። አንድ እንግዳ በቀን አንድ በርሜል ውኃ ይጠቀማል ብንል፣ 100 እንግዶች የሚያድሩበት ማረፊያ በየቀኑ 100 በርሜል እጣቢና ፍሳሽ ያወጣል። ይህ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ዳሩ ከገባ ለእምቦጭ ተጨማሪ ማዳበሪያ ይሆናል። የደሴት መነኮሳትና የዳርቻው ነዋሪዎች የሚጠጡትም ያንኑ ውኃ ነው። ጥሩ እይታ ለመፍጠር ተብሎ ደንገሉ ከተመነጠረ ወንፊቱ ይጠፋል። የጀልባ ዘይትና ነዳጅ፣ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለእንግዳ ማእድ ቤት የሚፈለገው ማገዶና ዓሣ ሁሉ ጫና ይጨምራሉ።

በዓይን የማይታይ ጉዳትም አለ። ገዳም የሕዝብ መናፈሻ አይደለም። በቅዳሴ ሰዓት የሚጮኽ ሞተር፣ ሥርዐቱን ሳያውቅ የሚገባ ጎብኚ፣ ያለ ገደብ የሚበራ የካሜራ ብርሃንና ጥንታዊ ሥዕልን የሚዳስስ እጅ ገዳሙን ገዳም ያሰኘውን ነገር ይሸረሽራሉ። በመጨረሻ የሚቀረው ሕንፃው ብቻ ይሆናል። ጎብኚው ደግሞ ሩቅ መንገድ አቋርጦ የሚመጣው ሕንፃ ለማየት ብቻ አይደለም፤ እየኖረ ያለን ሕይወት ለማየትም ነው።

ከሌሎች ደሴቶች የሚገኝ ትምህርት

ይህን ፈተና ጣና ብቻ አልገጠመውም። በፊሊፒንስ የምትገኘው ትንሿ የቦራካይ ደሴት በነጭ አሸዋዋ ታውቃ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ትቀበል ነበር። ሆቴሎቹ ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ባሕር በመልቀቃቸው ውኃው ተበከለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ደሴቷን ለስድስት ወራት ለጎብኚ ዘጋት። ስትከፈት በአንድ ጊዜ ልታስተናግደው የምትችለው የጎብኚ ቁጥር 19 ሺህ ገደማ ሆኖ ተወሰነ። በእነዚያ ወራት ጥፋተኛውም፣ ያላጠፋውም ሠራተኛ ሥራ ፈትቷል። ቀድሞ ያልተከፈለ የማጣሪያ ወጪ በኋላ በሕዝብ ኪሣራ ተከፈለ።

በታይላንድ የማያ ባሕረ ሰላጤ በቀን እስከ 5 ሺህ የሚደርስ ሰው ይጎርፍበት ነበር። በውኃው ሥር ያለው ሕይወት በጀልባ መልሕቅ ተጎዳ። ስፍራው እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ እስከ 2022 መጀመሪያ ተዘግቶ ቆየ። ከተከፈተ በኋላ ጀልባ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እንግዳው በሌላ በኩል ወርዶ በእግሩ ይሄዳል።

የኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ከየብሱ 97 በመቶ ገደማው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጎብኚ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር በተወሰነ መስመር ይሄዳል፤ የመርከቦች ጉዞም አስቀድሞ ይታቀዳል። እንዲያም ሆኖ የጎብኚው መብዛትና የባዕድ ዝርያዎች መግባት ደሴቶቹን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸው ነበር። በ2024 የውጭ ጎብኚዎች መግቢያ ዋጋ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ ብሏል።

ሩቅ ሳይኬድ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተመደበ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 21 ዓመታት ፈጀበት፤ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ገበሬ ከቀዬው ሲነሣ የሚከፍለው ዋጋ በካሣ ብቻ አይመዘንም፤ ግጦሹ፣ ጎረቤቱና የአያቱ መቃብር አብረው ይቀራሉ። በሌላ በኩል በፓርኩ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ ባለ በቅሎዎችና ምግብ አብሳዮች ተደራጅተው በተራ መሥራታቸው ገቢው ወደ መንደሩ እንዲደርስ መንገድ ከፍቷል። በቅርብ ዓመታት የዋልያ ቁጥር እንደገና ማሽቆልቆሉ ደግሞ ጥበቃ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አለመሆኑን ያስታውሳል።

ሚዛኑ በምን ይለካል?

ገበሬ ይህን ሚዛን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። አንድ መስክ አሥር ከብት የሚችል ከሆነ ሃያ ቢለቀቅበት ለአንድ ክረምት ወተቱ ይበዛል፤ ለከርሞ ግን መስኩም ከብቱም ያልቃሉ። የጎብኚ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ደሴት በቀን ስንት ሰው እንደሚችል መለካት አለበት። ለደቅ የሚበቃው ቁጥር ለትንሿ ክብራን አይሆንም።

ሕጉ ለዚህ መነሻ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት፣ በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎችም ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ሕዝብ የሚነኩትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች በተመለከተ ሊመከርና ሐሳቡን ሊሰጥ እንደሚገባ ያስቀምጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ስለ ብክለት ቁጥጥር የሚደነግጉ ናቸው። ጣና ራሱ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ክልሉም ለሐይቁ ጥበቃ ራሱን የቻለ ተቋም አቋቁሟል።

የባዮስፌር አሠራር በሦስት ክበብ የተዋቀረ ነው። መካከለኛው ክበብ ጥብቅ ነው፤ ደንና እርጥበት መሬት እንዳለ የሚጠበቅበት ነው። በዙሪያው ያለው ጥበቃውን የማይጎዳ ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ ንብ ማነብና የተመጠነ ጉብኝት የሚፈቀድበት ነው። በውጩ ክበብ እርሻ፣ ከተማና ማረፊያ ይገኛሉ። አሠራሩ ሰውን ከተፈጥሮ ለማባረር የታሰበ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ቦታውን የሚያመለክት ነው። ሆቴል በውጩ ክበብ ሲቆም ልማት ይሆናል፤ በደንገሉ ላይ ሲቆም ግን ጥፋት ነው።

ከዚህ በመነሣት በሐይቁ ዳር ለሚታሰብ ማንኛውም ሥራ ማኅበረሰቡ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ፍሳሹ የት ይሄዳል? ማጣሪያው የሚሠራው እንግዳ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከውኃው ዳር ስንት ሜትር ርቆ ይሠራል? የደንገሉ ዳርቻ ይቀራል? ከሠራተኞቹ ስንቱ የአካባቢው ልጆች ናቸው? አትክልቱ፣ ዶሮውና ማሩ የሚገዛው ከደምቢያ ገበሬ ነው ወይስ ከሩቅ? መሬቱን የለቀቀው ገበሬ በምን ይተዳደራል? የገዳሙ አባቶች ስለ ጉብኝት ሰዓትና ሥርዐት ተጠይቀዋል? ከመግቢያው ገንዘብ ለተፋሰሱ እርከንና ችግኝ የሚመለሰው ምን ያህል ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። ከሐይቁ ርቆ በተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው ገበሬ እርከን ሲሠራ ውኃው የሚጠራው ለታችኛው ነው። ጉልበቱን የሚያፈስሰው አንዱ፣ ትርፉን የሚያፍሰው ሌላው ከሆነ ሥራው አይዘልቅም። የቱሪዝሙ ገቢ ከዳርቻው ወደ ተራራው የሚመለስበት መንገድ ካልተበጀ የሐይቁ ጥበቃ በየዓመቱ ዘመቻ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጸጥታው ያመጣው ጊዜ

ከኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ በጦርነትና በጸጥታ ችግር ምክንያት ወደ ጎንደርና ወደ ጣና የሚመጣው ጎብኚ ተመናምኗል። አስጎብኚው፣ ባለ ጀልባውና ባለ ሆቴሉ ለዓመታት ተጎድተዋል። ይህ ችግር ቀላል አይደለም። ሆኖም አንድ ዕድል አብሮት አለ። ደንብ ማውጣት የሚቀለው እንግዳ ሳይበዛ ነው። ቦራካይና ማያ ደንባቸውን ያወጡት ጥቅሙ ሥር ሰድዶ፣ ጉዳቱም ከፍቶ ሳለ ነው፤ ስለዚህ መዝጋት ግድ ሆነባቸው። ጣና ግን ሰላም ሰፍኖ እንግዳው ከመመለሱ በፊት የፍሳሽ ማጣሪያውን፣ የዳርቻ ወሰኑን፣ የጀልባውን ማቆሚያና የጎብኚውን ቁጥር መወሰን ይችላል።

የሳንጃ ነዋሪ "ይህ ለእኔ ምኔ ነው?" ሊል ይችላል። የሳንጃ ወንዝ ወደ ጣና አይወርድም፤ በታላቁ አንገረብ በኩል ወደ አትባራ ያመራል። ነገር ግን ጉዳዩ ለቆላውም አንድ ነው። ለሰሊጥ ማሳ ሲባል የሚመነጠረው የቆላ ዛፍ፣ በበጋ የሚሳሳው የወንዝ ውኃ፣ ዳገቱን ለቅቆ የሚሄደው አፈር ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዛሬ ትርፍ ስንቱን ለነገ እናስቀር? ዘጌ ማረሻን፣ መንዝ ማጭድን፣ ገዳማቱ ምሣርን በመከልከል መልሰውታል። የሦስቱም ሀብት እስከ ዛሬ የቆየው ገደቡን ያወጡት ሰዎች ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ነው።

በጎርጎራ ዳር ቆሞ ደሴቶቹን የሚያይ እንግዳ የሚደነቀው በዚያ የቆየ ውሳኔ ፍሬ ነው። አሁን የሚገነባው ማረፊያ፣ የሚገዛው ጀልባና የሚጠረገው መንገድ ከዚያ ውሳኔ ጋር ከተስማማ የደምቢያ ገበሬ ልጅ በአባቱ ቀዬ ሥራ ያገኛል፤ መነኩሴውም ከደጁ የቀዳውን ውኃ ሳይሰጋ ይጠጣል። ካልተስማማ ግን እንግዳው ሌላ ደሴት ይፈልጋል፤ ነዋሪው ግን ሌላ ጣና አያገኝም።